ጆንያው ውስጥ ምን አለ?

በጅቡቲ ከተማ እህል የሚያስፈጭ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አገሪቱ ከምትበላው 90 በመቶ ያህሉ ከውጭ የሚገባ ነው። ስንዴው፣ ዱቄቱ፣ ሩዙ፣ ፓስታውና ዘይቱ በመርከብ ይመጣል፤ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና ድንቹ ደግሞ ከኢትዮጵያ ይወርዳል። ጠዋት የሚበላው ረጅሙ የፈረንሳይ ዳቦ፣ በቅቤና በስኳር የሚቀርበው እንጀራ መሰሉ ላሖሕ፣ ምሳ ላይ የማይቀረው ሩዝ፣ ሁሉም ከጆንያ ወጥቶ ነው እሳት የሚያየው። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ ያዝኑልኛል። እኔ ግን ስለ ደም ማነስ ሳስብ የዚህች ከተማ ጆንያ ተስፋ ይሰጠኛል።

ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ሙያዬ ላቦራቶሪ ነው፤ እዚህ በአንድ የግል ክሊኒክ እሠራለሁ። ከምርመራዎቹ ሁሉ የሚበዛብኝ የሄሞግሎቢን ነው። የጣት ጫፍ በአልኮል ይጠረጋል፣ ይወጋል፣ የመጀመሪያው ጠብታ ተጠርጎ ይጣላል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥፍር በምታህል ፕላስቲክ ይቀዳና ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ወዲያው ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ስንት ግራም ሄሞግሎቢን እንዳለ ይናገራል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በታች፣ ለእርጉዝ ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ አለ እንላለን። ከድሃው ሰፈር ከባልባላ የሚመጡ እናቶች፣ ከኢትዮጵያ መጥተው በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች፣ የሾፌሮች ሚስቶች እኔ ጋ ይቀመጣሉ። 9 ሳይ አልደነግጥም፤ ለምጄዋለሁ። መልመዴ ራሱ ያሳዝነኛል።

አንዲት የወሎ ልጅ ትዝ ትለኛለች። የምትሠራበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። "እትዬ፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል፤ እቃ ይዤ መሐል ላይ ቁጭ እላለሁ" አለችኝ። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ ሳደርገው ውስጡ ነጥቷል። ምን እንደምትበላ ጠየቅኋት። "ጠዋት ዳቦ በሻይ። ምሳ ሩዝ። ማታ ከሩዙ ከተረፈ እሱን፣ ካልተረፈ ዳቦ በሻይ።" ሥጋ? "ለእንግዳ ሲሠራ እቀምሳለሁ።" የወር አበባዋ ይበዛባታል። ቁጥሩ 8.4 ነበር። ሐኪሙ የብረት እንክብል አዘዘላት፣ የበዛው ደምም እንዲታይላት ጻፈላት። ስትመለስ ቁጥሩ ብዙም አልተነሳም። "ሆዴን አመመኝ፣ ሰገራዬም ጠቆረ፤ ፈርቼ ተውኩት" አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እንክብሉ ጨጓራን ሲያውክ ማየት የተለመደ ነው፤ የሰገራ መጥቆርም ከብረቱ እንጂ ከበሽታ አለመሆኑን አስቀድሞ የነገራት አልነበረም።

የእሷ ነገር የብዙዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ነፍሰ ጡር ሆነው የብረት እንክብል ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት እናቶች 5 በመቶ ብቻ ናቸው። እንክብል ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን ጤና ጣቢያ የደረሰች፣ የተሰጣት፣ ያልከፋት፣ ያላቋረጠች ሴት ብቻ ናት የምትጠቀምበት። በዚያው ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 57 በመቶው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች ደግሞ 24 በመቶው ደም ያንሳቸዋል። ወደ ጅቡቲ በተጠጋን ቁጥር ይብሳል። በአፋር ክልል ከሕፃናቱ 75 በመቶው፣ በሶማሌ ክልል 83 በመቶው! እዚህ የማያቸው ጅቡቲያውያን ከእነዚያ ጋር አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ አንድ ዓይነት ምግብ የሚበሉ፣ ድንበር የለያቸው ወንድማማቾች ናቸው። በጅቡቲ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከሦስት ሴቶች አንዷ ገደማ ደም ያንሳታል።

ደም ማነስ በብረት እጥረት ብቻ አይመጣም። ወባ ቀዩን የደም ሴል ያፈርሳል፤ የሆድ ትላትል አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል፤ ተቀራርቦ መውለድ የእናትን ክምችት ያሟጥጣል። ፎሊክ አሲድና ቢ12 ሲጎድሉም ሴሉ በወጉ አይሠራም። አንዲት ሴት ላይ ሁለቱና ሦስቱ ሲደራረቡ፣ አበው እንዳሉት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል። ቢሆንም ከምክንያቶቹ ሁሉ ሰፊው የብረት እጥረት ነው፤ ብረት በሌለበት ሄሞግሎቢን አይሠራም፣ ሄሞግሎቢን በሌለበት ኦክስጅን ወደ ጡንቻና ወደ አንጎል አይደርስም። በሕፃን ላይ ሲሆን የሚጎዳው ገና እያደገ ያለ አንጎል ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ከእንክብሉና ከሌላው ሕክምና ጎን ሌላ መንገድ መክፈት ነው፤ ሰው ሳይጠየቅ፣ ሳይሰለፍ፣ ሳያስታውስ፣ በየቀኑ በሚበላው ውስጥ የጎደለውን መጨመር። ምግብን ማበልፀግ የሚባለው ይኸው ነው። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ስንዴው ተፈጭቶ በማጓጓዣው ላይ ሲያልፍ፣ ከላይ የተቀመጠች መመጠኛ ማሽን ብረት፣ ዚንክ፣ ፎሊክ አሲድና የቢ ቫይታሚኖች የተቀላቀሉበትን ደቃቅ ቅይጥ በልኩ ትነሰንሳለች። ቅይጡ በባለሙያዎቹ አፍ ፕሪሚክስ ይባላል። ለአንድ ቶን ዱቄት የሚበቃው በግራም የሚቆጠር ነው። ከብረት ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ፌረስ ፉማሬት ብንወስድ፣ በዓለም ጤና ድርጅት ምክር መሠረት በአንድ ኪሎ ዱቄት እስከ 60 ሚሊግራም ብረት ይጨመራል። አንዲት እርጉዝ በቀን የምትውጠው አንዱ እንክብል የሚይዘውም 60 ሚሊግራም ነው። እንክብሉ ኪሎ ዱቄት ላይ ተበትኖ በዳቦ መልክ በጥቂት በጥቂቱ ሲበላ ሆድ አይቆርጥም፣ የዳቦውም ጣዕም አይለወጥም።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1922 ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ጀመረች፤ ተራራማው አገሯ እንቅርት የበዛበት ነበር። እኛም ዘንድ ደጋው በእንቅርት ተጠቅቶ ኖሯል። የሴት አያቴ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ነበሩ፤ አንገታቸው ዙሪያውን ተነቅሷል። ልጅ ሆኜ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። "ለጌጥም ነው፣ እንቅርት እንዳይወጣም ነው" ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ ያላቸው መድኃኒት መርፌና ጥላሸት ነበር።

የኢትዮጵያ የጨው ታሪክ ሁለት ነገር አስተምሮኛል። በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው ዳሰሳ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤቶች ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዮዲን የሌለው ጨው ለምግብ እንዳይሸጥ ደንብ አወጣ። በ2016 ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ። በአምስት ዓመት! ሕግ እንዲህ ይሠራል። ሁለተኛው ትምህርት ግን መራራ ነው፦ በዚያው ሰሞን በብሔራዊ ደረጃ ናሙናው ሲለካ፣ አዮዲኑ በቂ ሆኖ የተገኘው ከጨው ሩብ ገደማው ላይ ብቻ ነበር። የጨው ማምረቻው አፍዴራ ላይ አዮዲኑ በጨው ክምር ላይ በእጅ መርጫ ሲረጭ አንዱ ጆንያ ይበዛበታል፣ ሌላው ይደርቃል። ከዚያ ደግሞ አፉ ተከፍቶ ፀሐይና እርጥበት ላይ ሲቀመጥ አዮዲኑ ይተናል። ጆንያው ላይ "አዮዲን ያለው" የሚል ጽሑፍ ግን አይተንም።

በዱቄትና በዘይት ላይ ኢትዮጵያ ወደ አስገዳጅ ደረጃ የተሸጋገረችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። የስንዴ ዱቄት ብረት፣ ዚንክ፣ ፎሊክ አሲድና የቢ ቫይታሚኖች፣ የምግብ ዘይት ደግሞ ቫይታሚን ኤና ዲ እንዲኖራቸው ታዘዘ። ከእነዚህ ውስጥ ከብረቱ እኩል የሚያንገበግበኝ ፎሊክ አሲዱ ነው። የፅንስ ህብለ ሰረሰር የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ እናቲቱ ማርገዟን እንኳ አላወቀች ይሆናል። ፎሊክ አሲድ ሲጎድል ክፍተቱ ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል፤ ልጁ ጀርባው ተከፍቶ፣ እግሩ ሰንፎ፣ ጭንቅላቱ ውሃ ቋጥሮ ይወለዳል፤ አንዳንዱም አይተርፍም። በአዲስ አበባና በትግራይ ሆስፒታሎች ተደርገው እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙ ጥናቶች ከ10,000 ወሊድ ከ120 በላይ እንዲህ ዓይነት ችግር አግኝተዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ ታስገድዳለች፤ እዚያ ከ10,000 ከ10 በታች ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2003 የስንዴና የበቆሎ ዱቄት ላይ ስታስገድድ ችግሩ 30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። እርግዝናዋን አውቃ ወደ ክሊኒክ የመጣች እናት እንክብል ብሰጣት ለዚህኛው ጉዳት ረፍዷል። ዳቦው ግን ቀድሞ ደርሶ ነበር።

አሁን ወደ ጅቡቲ ጆንያ ልመለስ። ኢትዮጵያ ውስጥ ደንቡን የሚያዳክመው አንድ ትልቅ ነገር የሰፈር ወፍጮ ቤት ነው። ገበሬው ስንዴውን፣ በቆሎውን፣ ጤፉን ራሱ ተሸክሞ ወስዶ ያስፈጫል። እዚያ መመጠኛ ማሽን የለም፤ በየገጠሩ ላለው ወፍጮ ሁሉ ማቅረብም ቀላል አይሆንም። ስለዚህ የፋብሪካ ዱቄት ደንብ ለከተሜው ቀድሞ ይደርሳል፣ የገጠሯ እናት ታልፋለች። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ይህ ችግር የለም። ሀብታሙም ድሃውም፣ የኤሮን ባለ ቪላም የባልባላ ባለ ቆርቆሮ ቤትም፣ ዳቦውን የሚገዛው ከዳቦ ቤት፣ ወይም ጥግ ላይ በጨርቅ ሸፍና ከምትሸጥ ሴት ነው። ዱቄቱ የመጣው ደግሞ በጥቂት በሮች ነው። ከውጭ በሚመጣ እህል መኖር በሌላ በኩል ብዙ ስጋት አለው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ከዚህ የተመቸ ከተማ አላውቅም። ጥቂት በሮች ላይ ጥሩ ጠባቂ ማቆም በቂ ነው።

የኢትዮጵያም ገቢ ስንዴና ዘይት በአብዛኛው የሚያልፈው በዚሁ ወደብ ነው። ፋብሪካዎቻችን የሚያስፈልጋቸው ፕሪሚክስም በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ዕቃ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለቀጣናው የሚያከማችበት ትልቅ መጋዘንም እዚህ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው የእርዳታ ዘይት ቫይታሚን ኤና ዲ፣ ለሕፃናትና ለእናቶች የሚሰጠው ቅይጥ ዱቄትም ቫይታሚንና ማዕድን ተጨምሮበታል። ለኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመውና በኋላ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ክፍል ነው ፋፋን የሠራልን። እህል፣ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት ተቀላቅሎ ቫይታሚን ተጨምሮበት ስንቱን አሳድጓል! የምናውቀውን ሥራ ለሁሉም ሰው ዳቦ ማዳረስ ነው የቀረን።

የጆንያ ጽሑፍ ብቻውን አያሳምነኝም። ሙያዬ ነውና ቀላሉን ምርመራ ቤቴ ሠራሁት። ሰፈሬ ካሉ ሱቆች ዱቄት እየገዛሁ ጠፍጣፋ ብርጭቆ ላይ በማንኪያ ጀርባ ጠፈጠፍኩት። ፖታሲየም ታዮሳያኔት የሚባል ኬሚካል ከአሲድ ጋር አደባልቄ ጠብ አደረግሁበት። ቀጥሎ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፤ እዚህ ፋርማሲ "ኦ ኦክሲጄኔ" ብለው የሚሸጡት፣ ቁስል የሚታጠብበት ነው። ጥቂት ጠበቅሁ። አንደኛው ዱቄት ላይ እንደ በርበሬ ቅንጣት ቀያይ ነጠብጣብ ብቅ ብቅ አለ፤ የተጨመረው ብረት ነው። ከሌላ ሱቅ የመጣው ግን እንደነጣ ቀረ። ይህ ምርመራ ብረት አለ ወይም የለም ይላል እንጂ ስንት እንደሆነ አይናገርም፤ መጠኑን ለማወቅ ትልቅ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ሆኖም ለመጀመሪያ ማጣሪያ ውድ ዕቃ አያስፈልገውም፣ ጊዜም አይወስድም፤ ወደብ ላይ በር ጠባቂ የሆነ ባለሙያ ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት በፊት ሊጨርሰው ይችላል።

ነጠብጣቡን ለዳቦ ጋጋሪ ጎረቤቴ አሳየሁት። የመናዊ ዘር ያለው፣ ለሥራው የሚጠነቀቅ ሰው ነው። "አባዮ (እህቴ)፣ ሃያ ዓመት ስጋግር ስለ ነጭነቱና ስለ ማበጡ ነው የሚጠይቁኝ፤ ስለዚህ የጠየቀኝ የለም" አለኝ። ከዚያ ቀጥሎ የጠየቀው ዋጋውን ነበር። የቅይጡ ወጪ ለአንድ ቶን ዱቄት ጥቂት ዶላር መሆኑን ስነግረው በጣቱ ሒሳብ ሠራና "አንድ ዳቦ ላይ ምንም አይደለም" አለ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

የብረቱ ዓይነትም ይለያያል። አንዳንድ አምራች ርካሹን የተፈጨ ብረት ይጨምራል፤ ምልክቱ ላይ "ብረት" ብሎ ሊጽፍ ይችላል፣ ሰውነት ግን ከዚያ የሚወስደው ትንሽ ነው። ፌረስ ፉማሬት ወይም ፌረስ ሰልፌት የሚል ካገኛችሁ የተሻለ ነው። ሶዲየም አይረን ኢዲቲኤ የሚባለው ደግሞ ከነገለባው በተፈጨ ዱቄት ውስጥ እንኳ በደንብ ይመጠጣል። የእኛ ሻይም እንቅፋት ነው፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በውስጡ ያለው ታኒን ብረቱን ይይዘዋል። ሻዩን ከምግቡ አንድ ሰዓት ማራቅ፣ በምትኩ ወጡ ላይ ሎሚ መጭመቅ ዋጋ የማያስወጣ እርዳታ ነው። ዘይቱም ጥንቃቄ ይሻል። ቫይታሚን ኤ ብርሃን አይወድም። በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚህ ከተማ ሱቆች ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው የሚውል ነጭ ጠርሙስ አያለሁ፤ ሲገባ የነበረው ቫይታሚን ሲሸጥ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ባለሱቆች ወደ ውስጥ ቢያስገቡት፣ እኛም ቤት ስንወስደው ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ብናኖረው ምን ይጎዳናል?

የበለፀገ ዱቄት የማይደርስላቸው አሉ። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን የሚበላው ዳቦ ትንሽ ስለሆነ ከዚያ የሚያገኘው ብረት አይበቃውም፤ ጡት፣ እንቁላል፣ ጉበት፣ በጤና ባለሙያ የሚሰጥ የንጥረ ነገር ዱቄት ያስፈልገዋል። ቁጥሯ ከ7 በታች የወረደች እርጉዝን ዳቦ አያድናትም፤ ሆስፒታል ትሂድ። እንክብል የታዘዘላትም ከፋኝ ብላ ከመተዋ በፊት ያዘዘላትን ትጠይቅ፤ ከምግብ ጋር መውሰድ ወይም ዓይነቱን መቀየር ይቻላል። የወሎዋን ልጅ በመጨረሻ የረዳት ይህ ነው፤ እንክብሉ ተለወጠላት፣ የበዛው ደም ታከመላት፣ ቁጥሯም 11ን አለፈ።

የጤናና የንግድ ባለሥልጣናትን፣ የሁለቱንም አገር፣ አጥብቄ የምለምናቸው አንድ ነገር አለ። ጆንያው ወደብ ላይ ሲወርድ፣ ከፋብሪካ ሲወጣና ዳቦ ቤት ሲደርስ ናሙና ይውሰዱ። ቀላሉን ምርመራ እዚያው ይሥሩ፤ ያጠራጠረውን ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ይላኩ። ብረቱ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ ዓይነቱ ምን እንደሆነ፣ ፎሊክ አሲዱ መኖሩን በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በፈረንሳይኛ ጽፈው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ይለጥፉልን።